ሞተሩ ተሠርቶ የወጣ መኪና፦ የሚኒሞ መብዛትና የነዳጅ ድብልቅ (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ሞተሩ ወርዶ ከተሠራ በኋላ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) አልወርድ ላለ ወይም ቤንዚን ለሚያበዛ መኪና፣ አዳማና አካባቢዋ ላይ ለሚነዱ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ።

ሚኒሞ ስንት መሆን አለበት?

አብዛኛው ባለ 4 ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ሲሞቅ በደቂቃ ከ650 እስከ 850 ዙር ላይ ይቆማል። የእርስዎ ሞተር ትክክለኛ ቁጥር ኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ወይም በማኑዋሉ ውስጥ አለ። ጠዋት በብርድ ሲነሳ ከ1,200 እስከ 1,800 መውጣቱ ጤነኛ ነው፤ ሞተሩ እየሞቀ ሲሄድ ግን በራሱ መውረድ አለበት።

"ሞቋል" የሚባለው የላይኛው የራዲያተር ጎማ ለእጅ ሲያቃጥልና ቬንቲሌተሩ ቢያንስ አንዴ በርቶ ሲጠፋ ነው። ከዚያ በፊት የተለካ ዙር ላይ ተመሥርቶ ብሎን መጠምዘዝ ሥራውን ሁለት ጊዜ መሥራት ነው።

"አዲስ ሞተር ነው፣ እስኪለማመድ ሚኒሞው ከፍ ይላል" ተባልኩ። እውነት ነው?

በከፊል። አዲስ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) እና አዲስ ብሮንዚና (የዘንግ መቀመጫ) ያለው ሞተር ጠበቅ ስለሚል መጀመሪያ ላይ ሚኒሞው ዝቅ ብሎ ሊያስቸግር ይችላል፤ በዚህ ምክንያት ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች 50 ወይም 100 ዙር ከፍ አድርጎ መተው ያለ ነገር ነው። መጥበቅ ግን ዙርን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ማንም ሳይነካው 1,300 ወይም 1,500 ላይ የሚጮህ ሞተር በመለማመድ አይድንም። የሆነ ቦታ አየር እየገባ ነው፣ ወይም የሆነ ነገር በትክክል አልተገጠመም።

ከሁሉ በፊት የት ልይ?

የነዳጅ መስጫው ካቦ ላይ። ሞተር ሲወርድ ካቦው ይፈታል፤ ሲመለስ ብዙ ጊዜ ተወጥሮ ይታሰራል። የሞተር መቀመጫ ጎማዎች ከተቀየሩ ደግሞ ሞተሩ ቀድሞ ከነበረበት ትንሽ ከፍ ወይም ገፋ ብሎ ስለሚቀመጥ ድሮ ልክ የነበረው ካቦ አሁን አጭር ይሆናል። ካቦውን በጣት ሲጫኑት ጥቂት ሚሊሜትር መላላት አለበት። ከተጠራጠሩ ከነጭራሹ ፈትተው ሞተሩን ያስነሱ፤ ዙሩ ከወረደ ችግሩን አገኙት።

ቀጥሎ ፋርፋላው፣ ማለትም አየር የሚከፍትና የሚዘጋው ክብ ሰሌዳ፣ እስከ መጨረሻው መመለሱን ይዩ። ካርቡሬተር (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ክፍል) ሲታጠብ ሰሌዳው ከዘንጉ ተፈትቶ ከነበረና ሲመለስ መሃል ላይ ካልተቀመጠ ጠርዙ ግድግዳውን ይነካል፣ ጥፍር የምታህል ክፍተት ትቶም ይቆማል። ሁለቱን ትናንሽ ብሎኖች አላልተው፣ ሰሌዳውን ሙሉ በሙሉ ዘግተው፣ በራሱ መሃሉን ሲያገኝ መልሰው ያጥብቁ። ወደ ብርሃን ሲያዩት ዙሪያውን እኩል፣ ፀጉር የሚያህል ብርሃን ብቻ መታየት አለበት።

ቾኩን፣ ማለትም ሞተሩ በብርድ ሲነሳ አየሩን የሚያጠብበውን ሰሌዳ፣ አይርሱ። ሞተሩ ሞቆም ቾኩ በከፊል ተዘግቶ ከቀረ ዙሩም ከፍ ይላል፣ ቤንዚንም ይበዛል። ቾኩን በውኃ ሙቀት የሚከፍቱ ካርቡሬተሮች ላይ የውኃ ጎማዎቹ ሳይገጠሙ ቀርተው ወይም ውስጣቸው አየር ይዞ ይገኛል።

የሚኒሞ ብሎኑን ሙሉ በሙሉ አላልቼውም አይወርድም። ምንድን ነው?

ብሎኑ ፋርፋላውን ከፍቶ የሚይዝ ድጋፍ ነው። ሙሉ በሙሉ ላልቶ ዙሩ ካልወረደ ሞተሩ የሚተነፍሰው በፋርፋላው በኩል አይደለም፤ ከፋርፋላው በታች ሌላ ቀዳዳ አግኝቷል። ተሠርቶ በወጣ ሞተር ላይ ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመው ይህ ነው።

በተደጋጋሚ የሚገኝባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። አንደኛው የአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ከቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ራስ) ጋር የሚገናኝበት ጋስኬት ነው፤ አሮጌው ተመልሶ ተገጥሞ፣ ወይም ቴስታታው ተልጎ (ፊቱ በማሽን ተስተካክሎ) ማኒፎልዱ ሳይፈተሽ ቀርቶ። ቀጥ ያለ ብረት ማኒፎልዱ ፊት ላይ አስቀምጠው የውፍረት መለኪያ ሰሌዳ ሲያስገቡ 0.1 ሚሊሜትር በቀላሉ የሚያልፍ ከሆነ ጋስኬት ብቻውን አይዘጋውም፤ መላግ አለበት። ሁለተኛው ካርቡሬተሩ ሥር ያለው ወፍራም የሙቀት መከላከያ ነው። ይህ በዕድሜ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ደግሞ ሲቀዘቅዝ ተዘግቶ ሲሞቅ ስለሚከፈት "ጠዋት ደህና ነው፣ ከሰዓት ይጮሃል" የሚባለው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ሦስተኛው የቫኪዩም (የሞተሩ የመሳብ ኃይል) ጎማዎች ናቸው፦ ወደ ሰርቮ ፍሬኑ የሚሄደው ወፍራም ጎማ፣ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው) የሚሄደው ቀጭኑ፣ ከቫልቭ ክዳኑ የሚመጣው የጭስ መመለሻ። ሞተር ከመውረዱ በፊት በስልክ ፎቶ ካልተነሱ አንዱ ክፍት ሆኖ ይቀራል።

ይህ በተለይ አዳማ ላይ ቸል ሊባል የማይገባው በአቧራው ምክንያት ነው። በቀዳዳው የሚገባው አየር በፊልትሮ አላለፈም። በበጋው ነፋስ ከሜዳው የሚነሳው ደቃቅ አቧራ በዚያች ስንጥቅ ገብቶ አዲሱን ፋሻና አዲሱን ሲሊንደር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ሚኒሞው ቢታገሡትም ሞተሩ አይታገሠውም።

አየር የሚስብበትን ቦታ እንዴት አገኘዋለሁ?

መጀመሪያ ጎማዎቹን ይለዩ። ሞተሩ እየሠራ እያንዳንዱን የቫኪዩም ጎማ ከማኒፎልዱ አጠገብ በፒንሳ ለስለስ አድርገው ይጭመቁ፤ አንዱን ሲጨምቁ ዙሩ ከወረደ ቀዳዳው ከዚያ ጎማ ወዲያ ነው። የሰርቮ ፍሬኑ ጎማ ሲጨመቅ ከወረደ ሰርቮው ራሱ ተቀዷል ማለት ስለሆነ የፍሬን ጉዳይም ነው፤ እንዲያ ሆኖ አይነዳም።

ጎማዎቹ ደህና ከሆኑ በመርጫ ጠርሙስ ንጹሕ ውኃ ይዘው የማኒፎልዱን መጋጠሚያና የካርቡሬተሩን ሥር በጥቂት በጥቂቱ ይርጩ። ውኃው ስንጥቁን ለቅጽበት ስለሚደፍነው የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል፣ አንዳንዴም ሲስበው ፉጨቱ ይቋረጣል። ብዙዎች የካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ ይጠቀማሉ፤ እሱም ይሠራል፣ ነገር ግን የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ በአብዛኛው እዚያው አጠገብ ስለሆነ እሳት ያስነሳል። ውኃ ይበቃል። ዲስትሪቢዩተሩና የካንዴላ ገመዶቹ ላይ እንዳይፈስ ብቻ ይጠንቀቁ።

አንድ ፈጣን ማረጋገጫ አለ። የአየር ፊልትሮውን አንስተው የካርቡሬተሩን አፍ በጠፍጣፋ ጣውላ ቀስ እያሉ ይሸፍኑት። ጤነኛ ሞተር ወዲያው ታፍኖ ይጠፋል። ሙሉ በሙሉ ተሸፍኖም የሚሠራ ከሆነ በሌላ በኩል እየተነፈሰ ነው። ግማሹን ሲሸፍኑት ዙሩ የሚያምርና የሚረጋ ከሆነ ደግሞ ድብልቁ ነዳጅ አንሶታል። እሳት ወደ ኋላ ሊተፋ ስለሚችል በመዳፍ አይሸፍኑ፣ ፊትዎንም ከላይ አያድርጉ።

ቦታው ማኒፎልዱ ከሆነ በላዩ ላይ ማጣበቂያ መለጠፍ መፍትሔ አይደለም። ይፈታ፣ ፊቱ ይጽዳ፣ አዲስ ጋስኬት ይግባ፣ ብሎኖቹ ከመሃል ወደ ጫፍ በሁለት ወይም በሦስት ዙር እኩል ይጥበቁ። ሞተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና ይፈተሹ፤ አዲስ ጋስኬት ይጨመቃል።

ካርቡሬተሩ ላይ ድብልቁን እንዴት ላስተካክል?

የቫልቭ ርቀትና የእሳቱ ታይሚንግ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ) አስቀድመው ልክ ይሁኑ፤ እነሱ ሳይስተካከሉ ድብልቅ ማስተካከል አይቻልም። ሞተሩ ይሙቅ፣ ቾኩ ሙሉ በሙሉ ይከፈት፣ የአየር ፊልትሮው በቦታው ይሁን፣ መብራትና ኤሲ ይጥፉ።

ሞተሩን አጥፍተው የድብልቁን ብሎን በካቻቢቴ ቀስ ብለው እስኪቀመጥ ያስገቡት። ሲነካ ይቁም፤ ከጠበቀ የመርፌው ጫፍ ቀለበት ይቆረጥበታል፣ ከዚያ በኋላ ያ ካርቡሬተር በትክክል አይስተካከልም። ከተቀመጠበት 2 ዙር ያህል ይመልሱት። ያስነሱ፣ በሚኒሞ ብሎኑ ወደ 800 ያምጡት። አሁን የድብልቁን ብሎን ሩብ ዙር ሩብ ዙር እያሉ፣ በየመሃሉ 10 ሴኮንድ ያህል እየጠበቁ፣ ሞተሩ ከፍተኛ ዙር የሚሰጥበትን ቦታ ይፈልጉ። ዙሩ ሲወጣ በሚኒሞ ብሎኑ ወደ 800 ያውርዱትና ድብልቁን ደግመው ይፈልጉ። ከሁለት ሦስት ድግግሞሽ በኋላ የድብልቁ ብሎን ከዚህ በላይ ዙር የማይጨምርበት ነጥብ ይገኛል። ከዚያ ዙሩ ከ20 እስከ 50 እስኪቀንስ ድረስ ብሎኑን ወደ ውስጥ ይመልሱት። በመጨረሻ ሚኒሞውን ወረቀቱ ላይ ባለው ቁጥር ያስቀምጡ።

በመጠበቂያው ሰዓት አይቸኩሉ። የብሎኑ ለውጥ ሞተሩ ላይ እስኪታይ ጊዜ ይወስዳል፤ በችኮላ የሚጠመዝዝ ሰው ሁልጊዜ ትክክለኛውን ቦታ አልፎ ይሄዳል።

የድብልቁን ብሎን ሙሉ በሙሉ ብዘጋውም ሞተሩ አይጠፋም። ብሎኑ ተበላሽቷል?

ብሎኑ ሳይሆን ሥራው ነው የጠፋው። ጤነኛ ካርቡሬተር ላይ ብሎኑ ሲዘጋ ሞተሩ ይንገዳገዳል ወይም ይጠፋል። ካልሆነ ሞተሩ ቤንዚን ከሌላ መንገድ እያገኘ ነው። በብዛት ፋርፋላው ከሚገባው በላይ ተከፍቶ ተቀምጦ ከጠርዙ አጠገብ ያለችው የመሸጋገሪያ ቀዳዳ ትጋለጥና ነዳጁ በዚያ ይመጣል፤ የሚኒሞ ብሎኑን ብዙ ያጠበቀ ሰው ይህን ይፈጥራል። ሌላው የተንሳፋፊው (በካርቡሬተሩ ውስጥ የቤንዚኑን ደረጃ የሚጠብቀው) መርፌ ሳይዘጋ ቀርቶ ቤንዚኑ በዋናው ጂግለር (ነዳጁን የሚመጥነው ቀዳዳ) በኩል መንጠባጠቡ ነው። ሞተሩን አጥፍተው በካርቡሬተሩ አፍ በባትሪ ብርሃን ሲያዩ የሚንጠባጠብ ነገር ካለ የተንሳፋፊውን ከፍታና መርፌውን ይፈትሹ።

በተቃራኒው ብሎኑ ተከፍቶም ተዘግቶም ሞተሩ ሚኒሞ የማይዝ ከሆነ የሚኒሞው ጂግለር ተደፍኗል፣ ወይም የሚኒሞ ቤንዚን የምትቆርጠው ኤሌክትሪክ ቫልቭ መብራት አላገኘችም። ቁልፉን ከፍተው ሽቦዋን ሲነቅሉና ሲሰኩ "ጠቅ" ማለት አለባት። ጂግለር በአየር ይነፋል እንጂ በሽቦ አይወጋም፤ ቀዳዳው ቢሰፋ ለዘለዓለም ቤንዚን ያበዛል።

ጥቁር ጭስ አለው፣ የሞተሩ ዘይትም ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። እየነዳሁ ልቆይ?

አይንዱት። ለአዲስ ሞተር ከዚህ የከፋ ነገር ጥቂት ነው። የተረፈው ቤንዚን የሲሊንደሩን ዘይት ያጥበዋል፤ ፋሻው ከግድግዳው ጋር ተለማምዶ መዝጋት ያለበት በእነዚህ የመጀመሪያ ኪሎ ሜትሮች ስለሆነ ደርቆ ሲፋተግ ይጎዳል፣ ሳይዘጋም ይቀራል። ከዚያ በኋላ ዘይት መብላት ይጀምራል፤ "ፋሻው ጥራት የለውም" ተብሎ ሞተሩ እንደገና ይወርዳል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተው ይዩ፦ ደረጃው ሳይጨምሩበት ከፍ ካለና ዘይቱ በጣት መካከል እንደ ውኃ ከቀጠነ ዘይቱንና ፊልትሮውን ዛሬውኑ ይቀይሩ፣ ምክንያቱ ሳይገኝም አያስነሱ።

በካርቡሬተር መኪና ላይ ቅደም ተከተሉ ቾክ፣ የተንሳፋፊው መርፌ፣ ከዚያ የቤንዚን ፓምፑ ነው። በካምሻፍት የሚገፋው ሜካኒካል ፓምፕ ሥር ወፍራም ስፔሰር አለ፤ ሞተር ሲገጠም እሱ ተረስቶ በቀጭን ጋስኬት ብቻ ከታሰረ ፓምፑ ብዙ ስለሚገፋ ግፊቱ መርፌውን ያሸንፈዋል። የፓምፑ ሜምብሬን ከተቀደደም ቤንዚኑ በቀጥታ ወደ ዘይቱ ይወርዳል።

ካንዴላው ምን ይነግረኛል?

20 ኪሎ ሜትር ያህል በደንብ ከነዱ በኋላ አራቱንም አውጥተው ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ቀለል ያለ ቡና ዓይነት ወይም ግራጫ ከሆነ ድብልቁ ልክ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ነዳጅ መብዛቱን፣ ነጭ ሆኖ የጠራ ደግሞ ማነሱን ያሳያል። እርጥብና የሚያብረቀርቅ ጥቁር ዘይት ነው፤ በአዲስ ሞተር ላይ ፋሻው እስኪዘጋ ጥቂት ዘይት ስለሚታይ በመጀመሪያዎቹ መቶዎች ኪሎ ሜትር አይፍረዱበት።

ከቀለሙ ይልቅ ልዩነቱን ያስተውሉ። ሦስቱ ቡናማ ሆነው አንዱ ብቻ ከነጣ ካርቡሬተሩን አይንኩ፤ የዚያ ሲሊንደር የማኒፎልድ መጋጠሚያ አየር ይስባል።

የእሳቱ ታይሚንግ ሚኒሞ ያበዛል?

አዎ። እሳቱ ከሚገባው በላይ ከቀደመ ዙሩ ይወጣል፣ ዳገት ላይ ደግሞ ሞተሩ ይንኳኳል። ዲስትሪቢዩተሩ ሲመለስ አንድ ጥርስ ከተሳሳተ ማስተካከያው ጠርዝ ላይ ደርሶም ልክ አይመጣም፤ ያ ሲሆን አውጥቶ መልሶ ማስገባት ነው።

በጆሮ ሳይሆን በታይሚንግ መብራት ይለካ። ቫኪዩም የሚያስቀድመው ዲስትሪቢዩተር ከሆነ ማኑዋሉ እንደሚያዘው ጎማው ተነቅሎ ይደፈናል። በቶዮታ 4ኤ ኤፍኢ እና 5ኤ ኤፍኢ ሞተሮች ላይ ኮፈኑ ሥር ባለው የምርመራ ሳጥን ውስጥ ቲኢ1 እና ኢ1 የሚባሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኝቶ 10 ዲግሪ ላይ ማድረግ ነው። ሽቦው ሳይገባ ከተለካ ኮምፒውተሩ በራሱ እያስቀደመ ስለሆነ ያነበቡት ቁጥር አይረባም።

መኪናዬ ኢንጀክተር ነው። ዙሩ 1,000 እና 1,800 መካከል ይወጣል ይወርዳል። ለምን?

አየር በሌላ ቀዳዳ ሲገባ ዙሩ ይወጣል። ኮምፒውተሩ "ፋርፋላው ተዘግቷል፣ ዙሩ ግን ከፍ ብሏል፤ መኪናው ቁልቁለት ላይ ነው" ብሎ ነዳጁን ይቆርጣል፤ ዙሩ ሲወድቅ መልሶ ይለቃል። መውጣትና መውረዱ ከዚህ የመጣ ነው። ከላይ የተጻፈው የአየር ፍለጋ ለእሱም ይሠራል።

ተሠርቶ በወጣ ሞተር ላይ ግን ሌላም የተለመደ ምክንያት አለ፦ በማቀዝቀዣው ውስጥ የቀረ አየር። ብዙ ሞተሮች ላይ በፋርፋላው አካል በኩል የሚያልፍ ትንሽ የውኃ ጎማ አለ፤ በውስጡ ያለችው ሰም ያላት ቫልቭ ስትሞቅ ተጨማሪውን አየር ትዘጋለች። ውኃው ካልደረሳት ሞተሩን ሁልጊዜ እንደቀዘቀዘ ትቆጥረዋለች። ጎማውን ይንኩ፤ ሞተሩ ሞቆ እሱ ቀዝቃዛ ከሆነ አየሩን ያስወጡ። ሞተሩ በቀዘቀዘበት የመኪናውን አፍንጫ ወደ ዳገት አቁመው፣ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው፣ የማሞቂያውን መቆጣጠሪያ ሙሉ ሙቅ ላይ አድርገው ያስነሱና አረፋው እስኪቆም ውኃ ይሙሉ። ሞቆ እያለ ክዳኑን በፍጹም አይክፈቱ።

እሱም ካልሆነ የውኃ ሙቀት ሴንሰሩን ይለኩ። በቶዮታ በ20 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ በ80 ዲግሪ ከ0.2 እስከ 0.4 ኪሎ ኦም ማሳየት አለበት። ሶኬቱ ሳይሰካ የቀረ ሴንሰር ዙሩንም ቤንዚኑንም አብሮ ያዛባል። የፋርፋላውን ማቆሚያ ብሎን ግን አይንኩ፤ የሚኒሞ ማስተካከያ አይደለም፣ ሲነካ የፋርፋላ ሴንሰሩን ንባብ ያበላሻል።

አዳማ ላይ ተስተካክሎ አዲስ አበባ ወይም መተሐራ ስሄድ ለምን ይለወጣል?

በአየሩ ቅጥነት። አዳማ ከባህር ጠለል በላይ ከ1,600 እስከ 1,700 ሜትር፣ አዲስ አበባ 2,350 ገደማ፣ መተሐራ ደግሞ 1,000 አካባቢ ናት። ካርቡሬተር የአየሩን ቅጥነት አያውቅም፤ ወደ አዲስ አበባ ሲወጡ ድብልቁ 4 በመቶ ያህል ነዳጅ ይበዛበታል፣ ወደ መተሐራ ሲወርዱ በዚያው ልክ ያንሰዋል። ሚኒሞው ጥቂት ቢለዋወጥ አይደንግጡ። የሚያሳስበው ቁልቁል ያለው ነው፦ በአዲስ አበባ ነዳጁ ተቀንሶ የተስተካከለ ካርቡሬተር በመተሐራ ሙቀት ሲነዳ ነዳጅ አንሶት ይግላል። ዘወትር ወደ ቆላ የሚወርድ መኪና የሚስተካከለው በአዳማ ወይም ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ ለነዳጁ ጥቂት አድልቶ ነው።

ኢንጀክተር ያለው ይህን በሴንሰሩ በራሱ ያስተካክላል።

የቫኪዩም ጌጁ (የሞተሩን የመሳብ ኃይል የሚለካው) 14 ኢንች ብቻ ያነባል፣ መጽሐፉ ደግሞ ከ17 እስከ 21 ይላል። ፋሻው አልዘጋም ማለት ነው?

አይደለም። የመጽሐፉ ቁጥር በባህር ጠለል የተለካ ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ 1 ኢንች ያህል ስለሚቀንስ አዳማ ላይ ጤነኛ ሞተር ከ12 እስከ 16 ያነባል። 14 ላይ ረግቶ የቆመ መርፌ ጥሩ ነው። መርፌው በየምቱ በእኩል ልዩነት ከወደቀ አንድ ቫልቭ አይዘጋም፤ ረግቶ ከ10 በታች ከቆመ አየር ይስባል ወይም ታይሚንጉ ወደ ኋላ ቀርቷል። የመጽሐፉን ቁጥር አዳማ ላይ በመጠበቅ ስህተት ብቻ ደህና ሞተር ተመልሶ እንዲወርድ ይፈረድበታል።

ስካነሩ "ነዳጅ አንሷል" ይላል፣ ጭሱ ግን ጥቁር ነው። ማንን ልመን?

ጭሱን። ኦክስጅን ሴንሰሩ የሚያየው ኦክስጅንን እንጂ ነዳጅን አይደለም። የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ ጋስኬት በደንብ ካልዘጋ ከሴንሰሩ በፊት ንጹሕ አየር ይስባል፤ ሴንሰሩ ኦክስጅን በዛ ሲል ኮምፒውተሩ ነዳጅ ይጨምራል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ከማኒፎልዱ አጠገብ "ጭ ጭ ጭ" የሚል ድምፅ ካለና ሲሞቅ ከጠፋ እሱ ነው። መጋጠሚያው ዙሪያ የጥላሸት ጭረትም ይታያል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ሞተሩ ሲገጠም የተቀባው ሲሊኮን ነው። ለሴንሰር የማይስማማ ተራ ሲሊኮን ሲተን በጭስ መመለሻው በኩል ገብቶ ይቃጠልና ሴንሰሩን በነጭ ሽፋን ያለብሰዋል። እንዲህ የነጣ ሴንሰር አይታጠብም፣ ይቀየራል። አዲሱ ከመግባቱ በፊት ግን ጋስኬቱ ይዘጋ፣ ትርፍ ሲሊኮኑም ከቫልቭ ክዳኑ ውስጥ ይጠረግ፤ አለዚያ አዲሱም ያው ይሆናል።